የአንድ ሜትሩ ቃል አዲስ አበባ ላይ ይለካ

ለአዘጋጁ፦

ለአፍሪካ ስለታቀደው፣ የጂፒኤስን የቦታ ስሕተት በሳተላይት ስለሚያርመው ሥርዓት በተነሣ ቁጥር «ስሕተቱ ከአንድ ሜትር በታች ይሆናል» የምትል ዐረፍተ ነገር አትጠፋም። ቁጥሩ ሐሰት ነው አንልም። የት፣ በስንት ሰዓት፣ ከመቶው ስንት ጊዜ፣ ከየትኛው መነሻ እንደተለካ ካልተነገረ ግን ለቀያሹም ሆነ ለአብራሪው አይረባም። በቅየሳና በካርታ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ስለሆንን ጋዜጣችሁ ይህን ቁጥር ደግሞ ከማተሙ በፊት የሚጠየቀውን እንጠቁማለን።

አሠራሩ ለብዙ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ቦታቸው በትክክል የታወቀ የምድር ጣቢያዎች ጂፒኤስን ሌት ተቀን ያዳምጣሉ፤ በሰሙትና ሊሰሙት በሚገባው መካከል ያለውን ልዩነት አንድ ማዕከል ያሰላና እርማቱን ከምድር ወገብ በላይ ባለች ቋሚ ሳተላይት በኩል ይለቀዋል። የአሜሪካው ዋስ፣ የአውሮፓው ኢግኖስ፣ የህንዱ ጋጋን ሁሉም ይህንኑ ይሠራሉ። በአፍሪካ ደግሞ አሴክና የተባለው የአየር አሰሳ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 በናይጄሪያዋ ናይጅኮምሳት-1አር ሳተላይት የሙከራ ሲግናል ማሰራጨት ጀመረ። ኢትዮጵያ የአሴክና አባል አይደለችም። ሳተላይቷ ግን 42.5 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ስላለች አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ለሚያያት አናት ላይ ናት ማለት ይቻላል፤ ከአድማስ ወደ 78 ዲግሪ ከፍ ብላ ትገኛለች።

መሳሳት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የኢግኖስና የጋጋን ሳተላይቶችም ከእኛ ሰማይ ይሰማሉ። የእጅ ጂፒኤስ ገዝቶ የማረሚያውን ምርጫ ያበራ ሰው «ታርሟል» የሚል ምልክት ይወጣለትና ደስ ይለዋል። ይሁንና የኢግኖስ የአዮኖስፌር (ሲግናሉን የሚያዘገየው የላይኛው ከባቢ አየር ክፍል) እርማት ለአውሮፓና ለሰሜን አፍሪካ ጫፍ፣ የጋጋኑም ለህንድና ለአካባቢዋ የተሰላ ነው። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ልብስ እንደማለት ነው። ሲግናል መሰማቱና እርማቱ እዚህ መሥራቱ ለየብቻ መታየት አለባቸው። ስለዚህ ፈተና የሚያካሂድ ሁሉ መጀመሪያ መቀበያው የያዘውን የሳተላይት ቁጥር ይመልከት፦ 123 እና 136 የአውሮፓ፣ 127 እና 128 የህንድ፣ 147 የናይጄሪያዋ ናቸው። የማይፈተኑትን ማጥፋት ነው። ሳያጠፉ የተሰበሰበ መረጃ ተቀላቅሎ የማን ውጤት እንደሆነ አይለይም።

ቀጥሎ «ከመቶው ስንቱ?» ይባል። ግማሹ ልኬት ከ1 ሜትር በታች የሆነለት መሣሪያ ከመቶው 95ቱን ለመሸፈን ከ2 ሜትር በላይ ያስፈልገዋል፤ ስሕተቱ በየአቅጣጫው እኩል ከተበተነ ንጽጽሩ 2.08 ገደማ ነው። ሻጭ የመጀመሪያውን ይጽፋል፣ ገዢ ሁለተኛውን እንደገዛ ያስባል። ከፍታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአግድሙ የባሰ ስሕተት ስላለው ለብቻው ይጻፍ።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን አዮኖስፌር ነው። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በአዲስ አበባ አጠገብ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ አራት ኪሎ ላይ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ለመትከል አንዱ ምክንያት ይኸው አቀማመጥ ነበር። በወገቡ ዙሪያ ከላያችን ያለው የኤሌክትሮን ክምችት ከፍተኛ ነው፤ ፀሐይ በምትበረታባቸው ዓመታት ከሰዓት በኋላ የጂፒኤስን ዋና ሲግናል ከ10 ሜትር በላይ ሊያዘገይ ይችላል። ማረሚያ ሥርዓቶቹ ይህን መዘግየት 5 ዲግሪ በ5 ዲግሪ በሆነ መረብ ይገልጹታል። አምስት ዲግሪ ማለት ወደ 550 ኪሎ ሜትር ነው። በአውሮፓ ሰማይ ላይ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለው ለውጥ ለስላሳ ስለሆነ መረቡ ይበቃል፤ እኛ ዘንድ ግን በዚያ ርቀት ውስጥ ሰማዩ ብዙ ይቀያየራል። ህንዶችም ይህ ስለገጠማቸው ለጋጋን የራሳቸውን የአዮኖስፌር ሞዴል ለመሥራት ተገደዋል።

በሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚሠራው አዲሱ ትውልድ መዘግየቱን ራሱ መቀበያው አስልቶ ስለሚያጠፋው የመረቡ ችግር ይቃለላል። የማይቃለለው የምሽቱ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ፣ በተለይ በመስከረምና በጥቅምት እንዲሁም በመጋቢትና በሚያዝያ፣ አዮኖስፌሩ ይቆራረስና ሲግናሉ ይርገበገባል፤ መቀበያው ሳተላይቶቹን አንድ በአንድ ይጥላል። ሁለተኛው ፍሪኩዌንሲ ኤል5 ዝቅ ያለ ስለሆነ ከዋናው ፍሪኩዌንሲ ከኤል1 ይልቅ ይጎዳል። እንግዲህ በሰኔ ቀትር ላይ ሌላ አገር የተለካ ቁጥር ስለ አዲስ አበባ የመስከረም ምሽት ምን ይነግረናል? ዓመቱም ይለያል። የፀሐይ ዑደት 11 ዓመት ገደማ ሲሆን የአሁኑ ከፍታ እ.ኤ.አ. 2024 አካባቢ ነበር። ፀሐይ በምትረጋበት ወቅት ተፈትኖ «አለፈ» የተባለ ሥርዓት የሚፈተነው ገና ከዚያ በኋላ ነው።

ፈተናውን እዚሁ መሀል ከተማ ማካሄድ ይቻላል። አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ያለው «አዲስ» (ADIS) የተሰኘው ጣቢያ የዓለም አቀፉ የጂኤንኤስኤስ (የጂፒኤስና የመሰሎቹ ሥርዓቶች) አገልግሎት መረብ አባል ነው፤ ሥፍራው በሴንቲ ሜትር ደረጃ ይታወቃል። ከእሱ ጋር ቢያንስ በ24 ሰዓት ባለ ሁለት ፍሪኩዌንሲ ልኬት የተያያዘ ነጥብ አንዱ ጃን ሜዳ ላይ፣ ሌላው ሰንጋ ተራ ባሉት የባንክ ሕንፃዎች መካከል ይተከል። በየሰከንዱ ይመዝገብ፣ ለሳምንታት ይቆይ፣ መስከረምን ያካት። ጃን ሜዳ የሥርዓቱን ስሕተት ያሳያል። ሰንጋ ተራ ደግሞ ሥርዓቱ የማያርመውን፣ ከመስታወት ግድግዳ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ስሕተት ያሳያል። የማረሚያዋ ሳተላይት አናት ላይ ስለሆነች እዚያ ጠባብ መንገድ ውስጥም አትደበቅም፤ የጂፒኤስ ሳተላይቶች ግማሹ ተከልለው እንኳ «ታርሟል» የሚለው ምልክት እንደበራ ይቆያል። ነጸብራቁን ለመለየት መላው አለ፦ የጂፒኤስ ሰማይ በየቀኑ 4 ደቂቃ ያህል ቀድሞ ራሱን ይደግማል፤ በዚያው ልክ እየተሳበ ከቀን ወደ ቀን የሚደጋገም ስሕተት ከግድግዳው ነው፣ የማይደጋገመው ከሰማይ።

ውጤቱን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ሳተላይቱ ሳይሆን ማነጻጸሪያው ነው። የድሮ ካርታዎቻችንና የመቆጣጠሪያ ነጥቦቻችን በአዲንዳን ዳተም (ኮኦርዲኔት በሚቆጠርበት መነሻ) ናቸው። ከጂፒኤሱ ዳተም ጋር ያላቸው ልዩነት እዚህ ከ200 ሜትር ስለሚበልጥ ወዲያው ያስታውቃል፤ ማንም አይሸወድበትም። አደገኛው ትንሹ ነው። የቆምንበት የምድር ሰሌዳ በዓመት 3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። ከ20 ዓመት በፊት በተሰላ ኮኦርዲኔት የዛሬን መቀበያ ብንፈትን 60 ሴንቲ ሜትር ስሕተት ሥርዓቱ ላይ እናላክካለን። ቃል የተገባው አንድ ሜትር ከሆነ ከግማሹ በላይ በዚህ አለቀ። ስለዚህ የነጥቡ ኮኦርዲኔት የተሰላበት ዓመት ይጻፍ፣ ወደ ልኬቱ ቀን ይምጣ። የአንቴና ከፍታም በሰያፍ ተለክቶ በቀጥታ ከተመዘገበ ሴንቲ ሜትሮች ይጨምራል። ከፍታው ከኤሊፕሶይድ (ጂፒኤስ ምድርን ከሚወክልበት ሒሳባዊ ቅርጽ) ይሁን ከባሕር ወለል ሳይለዩ ማወዳደርማ ሜትሮችን ያስታል።

ለበረራ ነገሩ ሌላ ነው። አውሮፕላን ወደ ቦሌ ሲወርድ ዋናው ጥያቄ አማካይ ስሕተቱ ሳይሆን ሥርዓቱ ሲሳሳት በ6 ሰከንድ ውስጥ «አትመኑኝ» ማለት መቻሉ ነው። መቀበያው ራሱ የሚያሰላው የስሕተት ጣሪያ አብራሪው ለማረፍ ወይም መልሶ ለመውጣት 200 ጫማ ላይ ለሚወስንበት አቀራረብ በቁመት ከ35 ሜትር ማለፍ የለበትም። እውነተኛው ስሕተት 1 ሜትር ሆኖ ጣሪያው 40 ከሆነ አገልግሎቱ የለም ማለት ነው። ጣሪያው ዝቅ እንዲል ደግሞ በአቅራቢያ ጣቢያ ያስፈልጋል። ዋስ 38፣ ጋጋን 15 የምድር ጣቢያዎች አሏቸው። በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ላይ ስንት ይተከላሉ፣ ከእነሱስ ስንቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሆናሉ የሚለው ጥያቄ ከአንድ ሜትሩ ይልቅ ብዙ ይወስናል።

ናይጅኮምሳት-1አር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 የመጠቀችው ለ15 ዓመት ዕድሜ ተሠርታ ነው፤ የምትተካዋ ሳተላይት የት ትቆማለች የሚለውም አብሮ ይጠየቅ። የፈተና ውጤት ሲወጣ ደግሞ ማጠቃለያው ብቻ ሳይሆን ጥሬው መረጃ በራይኔክስ (የልዩ ልዩ መቀበያዎች መረጃ በሚለዋወጥበት የጋራ) ፎርማት፣ ከነሰዓቱና ከነአንቴናው ዓይነት ይለቀቅ። ሌላ ሰው ደግሞ አስልቶ ማረጋገጥ የሚችለው ያን ጊዜ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የቅየሳና የካርታ ሥራ ባለሙያዎች፣ አዲስ አበባ