ክዳኑ አልተገኘም፦ የድራማ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

በጥቅምት ስንመዘግብ 31 ልጅ መጣ። ኅዳር ላይ 24 ልጆች ብቻ ቀረን። ከእነዚህ ውስጥ ወንዶቹ አምስት ናቸው። የኳስ ልምምድና የእኛ ልምምድ ሰዓቱ አንድ ስለሆነ አልፈርድባቸውም። ድሮ በሀገራችን ቴአትር ሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። እኛ ጋ ነገሩ ተገልብጦ ጺም የምንለጥፍላት ሴት ልጅ ስንፈልግ ከረምን።

በመጀመሪያው ስብሰባ ስለ ጸጋዬ ገብረ መድኅን አወራኋቸው። አምቦ ገና ልጅ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስ ተውኔት ጽፎ፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ በተገኙበት ታየለት። አንዷ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ እሱ እኮ ጸጋዬ ነው» አለችኝ። «ያኔ ገና አልነበረም» አልኳት።

የክፍለ ከተማው ውድድር የሚጠይቀው ባለ አንድ ገቢር ተውኔት ነው። ዕቃ ማስገባትና ማውጣቱን ጨምሮ 30 ደቂቃ ይሰጣል። ልጆቹ መጀመሪያ ያመጡልኝ ድርሰት ግን ሦስት ትውልድ ይፈጃል። ልጅቷ ትወለዳለች፣ ትዳራለች፣ ዐረብ አገር ሄዳ ትመለሳለች፣ ከዚያ ትሞታለች። በ30 ደቂቃ! «አንድ ገቢር ማለት አንድ ቦታ፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ ጸብ ነው» ብዬ መለስኩላቸው። የቴአትር ምሁር ቢሰማኝ ሊቆጣ ይችላል፤ ለእኛ ግን ሠራልን።

ጸቡን ያመጣው አንድ ዝምተኛ የ11ኛ ክፍል ልጅ ነው። የኮንዶሚኒየም ግቢ፣ ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ቀን። ሰልፉን የያዙት ጀሪካኖች ናቸው፤ ሰዎቹ ቤታቸው ተኝተዋል። የእማማን ጀሪካን አንድ ሰው ከፊት አንስቶ መጨረሻ ላይ አስቀምጦታል። ማን? በቃ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። ሳነበው ደስ አለኝ።

እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ። እዚያ ላይ የግቢው ጥበቃ ወደ ተመልካቹ ዞሮ «ውሃ ሕይወት ነው! በቁጠባ እንጠቀም!» ይላል። ሰረዝኩት። ላለፉት ዓመታት ያየኋቸው የተማሪ ተውኔቶች ሁሉም ማለት ይቻላል በንግግር ነው የሚያልቁት። ስለ ኤድስም ይሁን ስለ ሱስ ወይም ስለ ስደት፣ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ይመክረናል። ልጆቻችን ሚኒ ሚዲያ ላይ ማይክ ይዘው ስላደጉ ይመስለኛል። ደራሲያችን አንድ ሳምንት አኮረፈኝ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ገጽ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጥሎ ሄደ። በአዲሱ መጨረሻ ውሃው በመሃል ይቆማል። የሞላላቸው እማማ ብቻ ናቸው። ምንም ሳይናገሩ ጀሪካኑን ለገፋባቸው ልጅ ግማሹን ይገለብጡለታል። መብራት ይጠፋል፤ የውሃው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

ልምምድ ላይ እማማን የምትጫወተው ልጅ ጀሪካኑን በአንድ ጣቷ አንጠልጥላ ገባች። ሳቃችን ሊቆም ነው? ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ነው። ትከሻ ወደ አንድ ወገን ይዘምማል። ባዶው እጅ ለሚዛን ይዘረጋል። በየአሥር እርምጃው ይቀመጥና እጅ ይቀየራል። ልጅቷ ሦስት ቀን ለማስመሰል ሞከረች፤ አልሆነም። በአራተኛው ቀን «እንግዲህ እንሙላው» አልን።

ውድድሩ በሚያዝያ ነበር። እማማ የአያቷን ነጠላ ተከናንባ፣ ጎብጣ፣ ጀሪካኗን ተሸክማ ገባች። አካሄዷን ሳይ ኮራሁ። መሃል መድረክ ስትደርስ ክዳኑ ተፈትቶ ተንከባለለ። ውሃው ተደፋ። በተውኔቱ ውስጥ የሌለ ነገር ነው። እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ላብ አጠመቀኝ። እሷ ቀስ ብላ ጀሪካኑን ቀና አደረገችው። ነቅነቅ አድርጋ አዳመጠችው። «ግማሽ ቀረን» አለች።

ቀረኝ አላለችም። ቀረን አለች። ደግሞ ያንኑ ግማሽ ለሁለት አካፈለችው። አዳራሹ ጭጭ አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ የተማሪ ውድድር ላይ ሰምቼ አላውቅም።

ሦስተኛ ወጣን። ከዳኞቹ አንዱ አስተያየት ሲሰጡ «ውሃው የሚደፋበት ቦታ በደንብ ታስቦበት የተጻፈ ነው» አሉ። ደራሲያችን ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም ጣሪያ ጣሪያውን አየሁ። ቀጠሉና «መልእክቱ ግን ጎልቶ አልወጣም» አሉ። ለመልእክት ከተመደበው 20 ነጥብ ያገኘነው 9 ነው። አንደኛ የወጣው ተውኔት መጨረሻው ምክር ነበር። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም። ግን ነገ እንደገና ብንወዳደር ያንን ንግግር አልመልሰውም።

ከእኛ ቀጥሎ የነበሩት ተወዳዳሪዎች እርጥብ መድረክ ስለተረከቡ ተቀይመውናል። ልጆቻችን የዩኒፎርም ሹራባቸውን አውልቀው ወለሉን ወልውለዋል፤ እዚሁ ላይ በድጋሚ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ተውኔቱን በወላጆች ቀን ደግመን አሳይተናል። አያትየውም መጥተው ነጠላቸውን መድረክ ላይ አይተዋል። ዘጠኝ ልጆች 12ኛን ጨርሰው ይሄዱብናል፤ እማማም አንዷ ናት። የ11ኛ ክፍሉ ደራሲ ይቆያል፣ አዲስ ነገር እየጻፈ ነው፣ አያሳየኝም። ጀሪካኑን ላዋሱን ለትምህርት ቤታችን ጥበቃ መልሰናል። ክዳኑ መድረኩ ሥር ገብቶ ስለቀረ በፌስታል አስረን ነው የሰጠናቸው። «ለእናንተስ ደግሞ አላውስም» ብለውናል።