ለእጅ ሥራ ቡድናችን አባላት፦ ስለ መጪው ቅዳሜ
ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ባለፈው ቅዳሜ ከአራት ኪሎዋ ክፍላችን ስንወጣ አንዷ እህታችን ደረጃው ላይ አቁማ «መሥሪያ ቤቱን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» አለችኝ። ሳምንቱን ሙሉ ሂሳብ ትሠራለች፤ ማታ ማታ ደብተር በቆዳ ትለብጣለች። ስትጠይቀኝ ጣቷ ላይ ያለው ማጣበቂያ ገና አልደረቀም ነበር። ያን ቀን የረባ መልስ አልሰጠኋትም፤ ጥያቄው ግን ሰንብቷል።

እንዲህ ያለ ምርጫ የገጠማቸው ሰዎች ትዝ አሉኝ። ሠዓሊው አፈወርቅ ተክሌ በ1940 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ የተላኩት ማዕድን ምህንድስና ሊማሩ ነበር፤ ሥዕልን መረጡ። እዚሁ ከእኛ ብዙ ሳይርቅ፣ አፍሪካ አዳራሽ ያለው 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት የዚያ ምርጫ ፍሬ ነው። ወይዘሮ አበበች ጎበና ደግሞ በ1972 ለግሸን ማርያም ወሎ ወርደው፣ በረሃብ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ የልጆቹ ቁጥር 21 ደረሰ። ቤተሰብ «እኛን ወይ ልጆቹን» ሲላቸው ልጆቹን ይዘው ወጡ፤ እንጀራና ቆሎ እየሸጡ አሳደጓቸው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

እህቴ፣ የእነሱ ድፍረት ቢያስቀናም፣ እኔ ብሆን ለጊዜው አልለቅም። መጀመሪያ የቆዳውን፣ የክሩንና የሌሊቱን ድካም ዋጋ በወረቀት አስቀምጪው። ብዙዎቻችን የራሳችንን ጉልበት ሳንቆጥር ነው የምንሸጠው፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል።

ስለዚህ ቅዳሜ 8 ሰዓት ሁላችሁም አንድ ሥራችሁን፣ የፈጀውን ሰዓትና የሸጣችሁበትን ዋጋ ጽፋችሁ ይዛችሁ ኑ። አብረን እንቁጠረው። ቡናው በእኔ ነው።