ቅዳሜ ከደራሲዋ ጋር

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ደብረ ማርቆስ በተለመደው ቦታችን፣ ልቦለድ እየጻፈች አጭር ፊልም የምትሠራው እህታችን ስለ ሥራዋ ታጫውተናለች። ያሳየችኝን አልረሳውም፦ በልቦለዷ የእናትየው ሐዘን ሁለት ገጽ ይፈጃል። በፊልሙ ግን ቡናው ገንፍሎ ፍሙ ላይ ይፈሳል፣ እናት ጀበናውን ሳታነሳ ዝም ብላ ታያለች፤ አለቀ። አንድ ገጽ የፊልም ጽሑፍ በግምት አንድ ደቂቃ ነውና ቃል መቆጠብ ግድ ነው።

እንጀራዋ ግን ማስተማር ነው (የጎጃሙ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁም እኮ አምባሳደርና ሚኒስትር ነበሩ)። ከጽሑፍና ከፊልም ስለሚገኘው ገንዘብም ሳታፍሩ ጠይቋት።

ደህና ፕሮጀክተር ያለው እባካችሁ ይደውልልኝ፤ ባለፈው የተከራየነው መሀል ላይ ጠፍቶ በእንግዳ ፊት አሳፍሮናል።