ከጭብጨባው ጀርባ የነበረው አቀናባሪ

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ አሜሪካዊው የጃዝ ባንድ መሪ ቤኒ ጉድማን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ ባነብም፣ የሙዚቃ አቀናባሪውና የባንድ መሪው ፍሌቸር ሄንደርሰን በአንድ ሐረግ ብቻ መታለፉ ቅር አሰኝቶኛል። እ.ኤ.አ. በ1897 በጆርጂያ የተወለደው ይህ ጥቁር አሜሪካዊ በኬሚስትሪ ተመርቆ ኒውዮርክ ቢገባም እንጀራው የሆነው ፒያኖ ነው። ከባንዱ አቀናባሪ ከዶን ሬድማን ጋር በመሆን የጥሩምባውና የሳክስፎኑ ወገን እንደ አውጪና ተቀባይ የሚመላለሱበትን፣ በመካከሉም እ.ኤ.አ. በ1924 የሄንደርሰንን ባንድ እንደተቀላቀለው እንደ ጥሩምባ ነፊው ሉዊ አርምስትሮንግ ላለ፣ ብቻውን ወጥቶ ለሚጫወት ሙዚቀኛ ቦታ የሚተውለትን የአቀነባበር ስልት አበጀ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1934 ሲበተን ቅንብሮቹን ለጉድማን ሸጠ፤ ጉድማንም በማግሥቱ ዓመት በሎስ አንጀለሱ ፓሎማር አዳራሽ ወጣቱን ያስፈነደቀው በእነዚሁ ሥራዎች ነበር። በእኔ ግምት ከዚያ ጭብጨባ ግማሹ የሄንደርሰን ነው። እሱ ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1939 ደመወዝተኛ ሆኖ የገባው እዚያው ጉድማን ባንድ ውስጥ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢያችሁ