ስለ ዝናብ ደብተሩ ባለቤት፦ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ለተማሪዎቻችን ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ጅማ

ጉዳዩ፦ የቀድሞውን የወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢ ዕረፍት ስለ ማሳወቅና ስለ መታሰቢያቸው

ልጆቻችሁ ባለፈው ሳምንት ወደ ቤት ሲመለሱ «አባባ ኢንጂነር ሞቱ» ብለው ሳይነግሯችሁ አልቀሩም። ነገሩ በልጆች አፍ ብቻ ደርሷችሁ እንዳይቀር ይህን ደብዳቤ በጥልቅ ሐዘን እጽፍላችኋለሁ። የቀድሞው የወላጅ መምህር ኅብረት ሰብሳቢያችን፣ በጡረታ ላይ የነበሩት የውሃ መሐንዲስ፣ ለጥቂት ጊዜ ታመው ከቆዩ በኋላ በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው መካከል በቤታቸው ዐርፈዋል። በሕይወት ሳሉ ስማቸው በጽሑፍ እንዲወጣ ስለማይወዱ እኔም እዚህ ልጆቹ በሚጠሯቸው ስም እጠራቸዋለሁ።

አባባ ኢንጂነር ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ አምስት ኪሎ ካጠናቀቁ በኋላ የሥራ ዘመናቸውን አብዛኛውን በዞናችን ገጠር፣ በዴዶ፣ በሰቃ ጨቆርሳና በቀርሳ፣ ምንጭ በማጎልበትና የመጠጥ ውሃ መስመር በመዘርጋት አሳልፈዋል። ሥራው ከቤት የሚያርቅ ነበር። ባለቤታቸው እንደ ነገሩኝ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ሲመለሱ ቦት ጫማቸውን ደጃፍ ላይ አውልቀው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ደመወዝ ወይም ስለ እንግዳ ሳይሆን፣ ልጆቹ በዝናብ ደብተሩ ላይ ምን እንደ ጻፉ ነበር።

ስለዚህ ደብተር ትንሽ እንድቆይ ፍቀዱልኝ። በግቢያቸው ዝናብ መለኪያ ተክለው፣ ሁልጊዜ ጠዋት በ3 ሰዓት የወረደውን መጠን በሚሊ ሜትር ይመዘግቡ ነበር፤ እሳቸው መስክ ሲወጡ ተራው የባለቤታቸው፣ ልጆቹ ቁጥር ማንበብ ከቻሉ ወዲህ ደግሞ የልጆቹ ሆነ። ለቅሶ በሄድኩ ጊዜ ደብተሮቹን አሳዩኝ። በአንደኛው ገጽ 34 ሚሊ ሜትር ከሚለው ጎን «የትንሿ የመጀመሪያ ጥርስ ወለቀ» ተብሎ ተጽፏል፤ በሌላው ገጽ ዝናብ ባልጣለበት ቀን ዜሮ ተጽፎ፣ ከጎኑ «እማማ ከሐኪም ቤት ተመለሰች፤ ደህና ናት» ይላል። ያልተመዘገበ ቀን ለማግኘት ብዙ ገጽ ማገላበጥ ነበረብኝ። አባት ርቆ በሚውልበት ቤት ውስጥ ልጆቹ ከአባታቸው ጋር በየማለዳው አንድ የጋራ ሥራ እንዲኖራቸው ያደረገው ይህ ደብተር ይመስለኛል፤ ሦስቱም ልጆች ትልልቅ ሰዎች ሆነው ሳለ ስለ እሱ ሲያወሩ እርስ በርስ እየተቀባበሉ ነበር።

ለትምህርት ቤታችን የዋሉትን ውለታ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ፤ አዲስ ለመጣችሁ ወላጆች ግን የውሃውን ነገር ልንገራችሁ። የቧንቧ ውሃ ለቀናት በሚጠፋበት ወቅት ተማሪዎቻችን ለመጸዳጃ ቤት የሚሆን ውሃ እንኳ አያገኙም ነበር። አባባ ኢንጂነር የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን ሰብስበው፣ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ እንደሚሆን አስረዷቸውና ጣሪያውን በሜትር አስለኳቸው። ስፋቱ 240 ካሬ ሜትር ሆነ። 25 ሚሊ ሜትር ከጣለ 6,000 ሊትር፣ የሚፈሰውና የሚተነው አንድ አምስተኛው ቢቀነስ 4,800 ሊትር ማለት ነው። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብባት ጅማ ልጆች ውሃ ሊቸግራቸው እንደማይገባ ያን ዕለት ራሳቸው ልጆቹ አሰሉት። ወላጆች ገንዘብ አዋጥታችሁ አሸንዳውና 10,000 ሊትር የሚይዘው ሮቶ ተገዛ። ሮቶውን ለመትከል የመጣው ሥራ ተቋራጭ መሠረቱን ባልተጠቀጠቀ አፈር ላይ ሠርቶ ርክክብ ሲጠይቅ፣ አባባ ኢንጂነር አልፈርምም አሉ። እኔ የትምህርት መክፈቻው ስለ ደረሰ እንዲያልፉት ለምኜ ነበር። «ባዶውን ጥቂት ሰዎች ያነሱታል፤ ሲሞላ ግን 10 ቶን ነው፤ ሥሩ ደግሞ ሕፃናት ይቆማሉ» ሲሉ መለሱልኝ። መሠረቱ ፈርሶ እንደገና ተሠራ፤ ትክክል እንደ ነበሩ ዛሬም እመሰክራለሁ።

ከሁለት ዓመት በፊት ደግሞ ተማሪዎቻችንን ይዘው የግልገል ጊቤን ግድብ አስጎብኝተዋል። በ1996 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ጣቢያ 184 ሜጋ ዋት እንደሚያመነጭ፣ ተርባይኑን አዙሮ የወጣው ውሃም 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ አልፎ በጊቤ ሁለት ዳግመኛ ኃይል እንደሚሰጥ አስረድተዋቸዋል። ልጆቹ የበለጠ የሚያወሩት ግን ስለ ደለሉ ነው፤ ከክረምት ጎርፍ አንድ ጠርሙስ ቀድተው አፈሩ ከታች እስኪዘቅጥ በትዕግሥት አስጠብቀዋቸው፣ በተራቆተ ኮረብታ ላይ የሚታረስ ማሳ የግድቡን ዕድሜ እንዴት እንደሚያሳጥር አሳይተዋቸዋል።

ቤተሰባቸው ዝናብ መለኪያውንና የመጨረሻውን ደብተር ለትምህርት ቤታችን ሰጥተዋል። በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በግቢያችን እንድንገናኝ በአክብሮት እጋብዛችኋለሁ። የበልጉ ዝናብ ከመግባቱ በፊት እሳቸው በየዓመቱ እንደሚያደርጉት አስቀድመን አሸንዳውን እንጠርጋለን፤ አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ የሚወርደው የመጀመሪያው ዝናብ ወደ ሮቶው እንዳይገባም የማስወገጃውን ቧንቧ እንፈትሻለን። መሰላል ያላችሁ ብታመጡ ይጠቅመናል። ከዚያም አራተኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጃቸው በ3 ሰዓት መለኪያውን አንብባ በደብተሩ ላይ ትመዘግባለች፤ ዝናብ ባይጥልም ዜሮውን ትጽፋለች። ከሥራው በኋላ ቡና ይፈላል፤ ሐዘን ቤት ላልደረሳችሁም ቤተሰቡን የምታጽናኑበት ጊዜ ይሆናል።

መለኪያው የሚተከልበትን ቦታ ከመታመማቸው በፊት ራሳቸው መርጠውልናል። ከዛፉም ከክፍሎቹም በከፍታቸው እጥፍ ያህል ርቆ በሜዳው መካከል የተከሉት ካስማ እስካሁን እዚያው አለ፤ ተማሪዎች ኳስ ሲጫወቱ እንዳይነቅሉት አደራ ብለናቸዋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር