«አባዬ፣ ምጣ!»

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ከረምክ? ሁለት ዓመት ሙሉ ጠፋሁብህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ሰበብ አልደረድርም።

ዛሬ ያስነሳችኝ ልጄ ናት። ሦስት ዓመቷ ነው። በሩ ላይ ቆማ «አባዬ፣ ምጣ!» አለችኝ። «ና» ማለቷ ነው። እኛ ቤት «ምጣ» የሚል ሰው የለም፤ ከማንም አልሰማችውም። ከ«ሰማ» «ስማ»፣ ከ«በላ» «ብላ» ከተባለ፣ ከ«መጣ» ደግሞ «ምጣ» ነዋ! ደንቡን ራሷ አውጥታ ራሷ ሠራችበት። ወዲያው አንተ ትዝ አልከኝ። ስለ አሜሪካዊው የቋንቋ ሊቅ ስለ ኖም ቾምስኪ ስንከራከር የነጋብን ሌሊት።

ያኔ ነገሩ አልገባኝም ነበር። የሥነ ልቦናው ሊቅ ስኪነር ንግግርን በማበረታቻ የሚዳብር ልማድ አድርጎ ነበር ያየው። ቾምስኪ በፈረንጆቹ 1959 በጻፈው ሂስ ይህን አፈረሰው። ገና 30 ዓመቱ ነበር። ልጅ ሰምቶት የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ለዚህ የሚሆን ስንቅ ይዞ ይወለዳል ነው ሐሳቡ። ስንቁ ምን ያህል እንደሆነ ምሁራን ዛሬም ይጨቃጨቃሉ። እኔም ሁሉንም አልተቀበልኩትም። ነገሩ መኮረጅ ብቻ እንዳልሆነ ግን ልጄ አሳመነችኝ።

በፖለቲካው ደግሞ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። «የቋንቋ ሰው ቋንቋውን ይያዝ» ብዬህ ነበር። በ1967 ቾምስኪ የቬትናምን ጦርነት ሲቃወም፣ የምሁር ኃላፊነት እውነትን መናገርና ውሸትን ማጋለጥ ነው ብሎ ጻፈ። ጽፎም አልቀረም፤ በዚያው ዓመት በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር፣ በፔንታጎን ደጃፍ በተደረገው ሰልፍ ታሰረ። ለዓመታት ሊታሰር ይችላል ተብሎ ስለተፈራ፣ ባለቤቱ ካሮል ቤተሰቡን የምታስተዳድርበት ሙያ እንዲኖራት ወደ ትምህርት ተመለሰች። ሦስት ልጆች ነበሯቸው። እኔም ልጅ አለኝና፣ ይህን ሳነብ ያን ንግግሬን አፈርኩበት።

ቾምስኪን በ2023 ስትሮክ መታው። ንግግሩንም ጎዳው። ዕድሜውን በሙሉ ስለ ቋንቋ ሲያስብ የኖረ ሰው! በደህናው ጊዜ ለማያውቃቸው ሰዎች ደብዳቤ በየሳምንቱ ብዙ ሰዓት እየሰጠ መልስ ይጽፍ ነበር አሉ። እኔ ለወንድሜ አንድ ገጽ ሳልጽፍ ሁለት ዓመት አለፈ።

ያንተስ ትንሹ አፉን ፈታ? ምን ምን ይላል? እንዳለ ጻፍልኝ፣ ሳታርመው።

ያንተው