የዞኑን መምሪያ ማን ይጠይቀው?

ለአማራ ክልል ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት
ባሕር ዳር

የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣

የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ውርጩ ጣት ያደነዝዛልና ባጭሩ ልበል።

እናቴ የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። ከቤቷ በላይ ባለ አራት ቧንቧ የውኃ ቦኖ አለ። ሲመረቅ ሪባን ተቆርጧል፣ ዳቦ ተቆርሷል። ውኃው ግን ሁለት ወር እንኳ ሳይቆይ ጠፋ። ባለፈው ስሄድ የአንዱ ቧንቧ እጀታ ተነቅሏል፣ ሌላው ላይ በግ ታስሮበታል።

የወረዳው ተመራጮች ጠይቀው ነበር። «ጉዳዩ ዞን ነው ያለው» ተባሉ። እኔም ዞን ሄድኩ። ያነጋገረኝ ሰው ትሁት ነው፣ ሻይ ሁሉ ጋብዞኛል። «ለክልል አሳውቀናል» አለኝ። ያሳወቁበትን ወረቀት ግን ማየት አልቻልኩም። በኋላ አንድ ሪፖርት ላይ ያ ቦኖ «የተጠናቀቀ» ተብሎ ሰፍሮ አገኘሁት።

የአንድ ቦኖ ነገር ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ወረዳ ምክር ቤት አለው። ክልልም አለው። መሃል ያለው የኛ ዞን፣ ሰሜን ሸዋ፣ ግን የለውም። የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞኖች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው፤ ሰሜን ሸዋ ግን የክልሉ አስፈጻሚ ቅርንጫፍ ነው። የዞኑ መምሪያ ኃላፊ ሪፖርት የሚያደርገው ወደ ላይ፣ ለክልሉ ቢሮ ነው። የወረዳ ተመራጭ ጠርቶ ሊጠይቀው አይችልም። እሱን ፊት ለፊት የሚያፋጥጥ የተመረጠ አካል ቢኖር የእርስዎ ምክር ቤት ነው። እሱ ደግሞ ከዓባይ ማዶ ነው። መንገዱም ሰሞኑን እንደልብ አያስኬድም፤ ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 50 የክልል ምክር ቤት ተጠሪነት ለወከለው ሕዝብ ነው ይላል። ለርዕሰ መስተዳድሩ አይልም። አንቀጽ 12 ደግሞ ኃላፊነቱን ያጓደለ ሹምም ሆነ ተመራጭ ይጠየቃል ይላል። ሕጉ አልጎደለብንም።

ጉባኤውን በቴሌቪዥን እከታተላለሁ። ሪፖርት ይነበባል፣ መቶኛ ይደረደራል፣ «ጥሩ ጅምር ነው፣ ተጠናክሮ ይቀጥል» ይባላል፣ እጅ ይወጣል። ጠያቂ አባል የለም ማለቴ አይደለም፣ አለ። ግን «እየሠራንበት ነው» ለሚል መልስ «እስከ መቼ?» ብሎ ደግሞ የሚነሣ ብዙ አላየሁም።

የምለምነው ትልቅ ነገር አይደለም። ቋሚ ኮሚቴዎቹ ከሚቀጥለው ጉባኤ በፊት ደብረ ብርሃን ይምጡ። የመምሪያ ኃላፊዎቹን አስቀምጠው፣ በሩን ከፍተው ይጠይቁ። የወረዳ አፈ ጉባኤዎችም እዚያው ይገኙ፤ «ኧረ እንደሱ አይደለም» የሚል ሰው ያስፈልጋል። የመስክ ጉብኝት ከተባለም አስፈጻሚው በመረጠው መንገድ አይሁን። እንግዳ ይመጣል ሲባል ግድግዳ በአንድ ሌሊት እንዴት እንደሚቀባ እኛ እናውቃለን። የክልሉ ዋና ኦዲተር ግኝት ሲቀርብም የትኛው መሥሪያ ቤት በየትኛው ቀን እንደሚያስተካክል ይጻፍ። ቀኑ ሲደርስ ኃላፊው ይጠራ። ይህን አጀንዳ አስይዞ ቀን መቁረጥ በእርስዎ እጅ ነው።

ኮሚቴው ከመጣ ቦኖው ድረስ እኔ እመራለሁ። እናቴም ቡና ታፈላለች። ውኃውን የምትቀዳው ግን ከወንዝ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የደብረ ብርሃን ነዋሪ